ዓይን በስለት ሥር፣ ጆሮስ?

እ.ኤ.አ. በ1750፣ ማርች ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በሠረገላ ተቀምጦ የጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ ገባ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።) ስሙ ጆን ቴይለር ነው። ሠረገላው ዙሪያውን ዓይን ተሥሎበታል፤ ብርሃን የሚሰጥ ሕይወት ይሰጣል የሚል የላቲን መፈክርም ተጽፎበታል። ሰውየው ስለት ከማንሳቱ በፊት ለተሰበሰበው ሕዝብ ረጅም ዲስኩር ማሰማት ይወድ ነበር። የነገሥታት ዓይን ሐኪም ነኝ እያለ ይፎክራል። ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አልነበረም፤ የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ጆርጅ የዓይን ሐኪም የሚል ማዕረግ ነበረው።

በዚያ ሰሞን ወንበሩ ላይ ካስቀመጣቸው ሕሙማን አንዱ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ፣ የስልሳ አምስት ዓመቱ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነበር። ቴይለር የባኽን ዓይን አንዴ ወጋ። አልሆነም። በሳምንቱ ገደማ ደገመው። ከዚያ በኋላ ባኽ ዓይኑም ጠፋ፣ ጤናውም ተናጋ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ቀን ዐረፈ። ስምንት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ይኸው ቴይለር የዘመኑን ሌላ ታላቅ የሙዚቃ ሰው፣ የጆርጅ ፍሬደሪክ ሃንደልን ዓይን ነካ። ሃንደል ቀደም ሲል፣ በ1751፣ «ጄፍታ» የተሰኘውን ሥራውን ሲደርስ ግራ ዓይኑ ስለደከመበት መቀጠል እንዳቃተው በኖታው ወረቀት ላይ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ከቴይለር እጅ ከወጣ በኋላም ብርሃን አላገኘም። ኦርጋኑን በቃሉና በጣቶቹ ትዝታ እየተጫወተ ቀረ። የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ቴይለርን ድንቁርና በድፍረት ታግዞ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ማሳያ አድርጎት ነበር ይባላል።

የዘመኑ አሠራር መውጋት ነበር። በሽተኛው ብርሃን ወደሚገባበት መስኮት ፊቱን መልሶ ይቀመጣል። ጤነኛው ዓይን ይሸፈናል። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ራሱን ከደረቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሐኪሙ ቀጭን መርፌ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ያስገባና ሞራ የጋረደውን ሌንስ ወደ ታች ገፍቶ ከብሌኑ ፊት ያስወግደዋል። ሞራው ከዓይን አይወጣም፤ ከመንገድ ዞር ይላል እንጂ። ይህ ጥበብ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ሱሽሩታ በተባለው የሕንድ ሐኪም ስም በሚጠራው መጽሐፍ ተገልጾ ይገኛል። ማደንዘዣ የለም። ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃዎች ያበቃል፤ ግን እነዚያን ደቂቃዎች በሽተኛው ነቅቶ ነው የሚያሳልፋቸው።

ቴይለር ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልወቅሰው አልተነሣሁም። የገረመኝ ሌላ ነው። ከአውሮፓ ጆሮዎች ሁሉ የሠሉት ሁለቱ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲቀመጡ የሰሙት ምን ነበር? የቴይለርን ፉከራ፣ የሰዉን ሹክሹክታ፣ የገዛ ትንፋሻቸውን። ለዓይኑ መርፌ ሲሳል ለጆሮው ያሰበ አልነበረም። ሊያስብም አይጠበቅበትም ይባል ይሆናል፤ ዘመኑ ነው። ነገር ግን ዘመኑ ካለፈ በኋላም፣ መርፌው ተጥሎ ዛሬ የምናውቀው ረቂቅ መሣሪያ ከመጣ በኋላም፣ የዓይን ሕክምና ያንን ጆሮ ለረጅም ጊዜ ረስቶት ኖሯል። እንዴት እንደረሳውና እንዴት እንዳስታወሰው ነው የዚህ ጽሑፍ ነገር።

በ1846 ቦስተን ላይ የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በኤተር እንፋሎት ሰው አስተኝቶ፣ በሽተኛው ሳይጮህ ሲቀደድ ለዓለም አሳየ። እግር ቆራጩ ሐኪም ደስታው ወሰን አጣ። የዓይን ሐኪሙ ደስታ ግን ግማሽ ነበር። በዚያ ጊዜ መውጋቱ እየቀረ፣ ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪዬል በ1747 እንዳሳየው፣ ዓይንን ሰንጥቆ ሞራውን ማውጣት ተለምዷል። የተሰነጠቀው ግን በክር አይሰፋም፤ በራሱ እስኪገጥም ይጠበቃል እንጂ። በኤተር የተኛ ሰው ደግሞ ሲነቃ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። አንዴ ሲያስመልስ የሚመጣው ግፊት ያልተሰፋውን ቁስል ከፍቶ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል አፍስሶ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ የዓይን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በሽተኛቸውን እንደነቃ መሥራት ይመርጡ ነበር። «አትንቀሳቀስ» ይሉታል፤ የዓይኑን ቆብ በብረት ከፍተው፣ ስለቱ ሲመጣ እያየ። ይህን የሚችል ሰው ካለ ጀግና እሱ ነው።

መፍትሔው ከቪየና መጣ። ካርል ኮለር በከተማው ትልቅ ሆስፒታል የሚሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሐኪም ነበር። የዓይን ሐኪም መሆን ይመኛል፤ ዓይንን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ፍለጋም ብዙ ነገር ሞክሮ አልተሳካለትም። ጓደኛው ሲግመንድ ፍሮይድ (አዎን፣ ያው የሕልሙ ፍሮይድ) በዚያው ሰሞን ከኮካ ቅጠል በሚወጣው ኮኬይን ላይ ጥናት ይዞ ነበር። ኮኬይን ምላስ ላይ ሲቀመጥ ምላስ ይደነዝዛል። ይህን ያላወቀ አልነበረም፤ ምላስን ከዓይን ጋር ያያያዘው ግን ኮለር ነው። በ1884 ፍሮይድ እጮኛውን ሊጠይቅ ከከተማ በወጣበት ጊዜ ኮለር ወደ ቤተ ሙከራ ሮጠ። መጀመሪያ በእንቁራሪት ዓይን ላይ ጨመረው። ቀጥሎ በጥንቸልና በውሻ። በመጨረሻ እሱና የሥራ ባልደረባው ጉስታቭ ጌርትነር እርስ በርስ ዓይናቸው ውስጥ አንጠባጥበው፣ መስተዋት ፊት ቆመው የዓይናቸውን ጥርት ያለ ፊተኛ ሽፋን በመርፌ ቁልፍ ራስ ነካኩት። ምንም አልተሰማቸውም።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ቀን በሃይደልበርግ በተካሄደው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ግኝቱ ይፋ ሆነ። ኮለር ራሱ አልተገኘም፤ የመንገድ ገንዘብ አልነበረውም። ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዜናው ውቅያኖስ ተሻገረ። በ1885 የፍሮይድ አባት ዓይናቸውን ታመው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ማደንዘዣውን ያንጠባጠበው ኮለር ነበር፤ ልጅየውም አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ፍሮይድ ጓደኛውን «ኮካ ኮለር» እያለ ይጠራው ነበር ይባላል። ዝናውን በጥቂቱ ማጣቱ እየከነከነውም ይሆናል።

ኮለር ሕመሙን አጠፋው። ፍርሃቱን ግን አልነካውም፤ እንዲያውም በሌላ መልክ አጸናው። እስከዚያ ድረስ ነቅቶ መታከም የግድ የመጣ መከራ ነበር። ከ1884 በኋላ ግን የሙያው ደንብ ሆነ። ሆዱ የሚከፈት ሰው ተኝቶ ምንም አይሰማም፤ ሲነቃ አልቋል። የዓይን በሽተኛ ግን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ አንዲት ዓይኑ ብቻ በቀዳዳ ወጥታ፣ ሁሉን ይሰማል። ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ነርሷ «የትኛው ነው?» ስትል ይሰማል። ሐኪሙ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታውን ይሰማል፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ምናልባት እሱ ነው።

ለጆሮ ካሰቡት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ የዓይን ሐኪም አልነበረም። ኢቫን ኦኒል ኬን በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በቤተሰቡ ስም በምትጠራ ትንሽ ከተማ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። በ1914 ለአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አጭር ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ማስቀመጡን፣ ሙዚቃውም በሽተኛውን ከሁኔታው አስፈሪነት አሳቡን እንደሚያዘናጋለት ይገልጻል። ኬን ተራ ሰው አልነበረም። በ1921 በአካባቢ ማደንዘዣ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚቻል ለማሳየት የገዛ ራሱን ትርፍ አንጀት ቀድዶ ያወጣ ሐኪም ነው። የነቃ በሽተኛ ምን እንደሚሰማው ከእሱ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችላል? ሸክላውን ያመጣው ግን ከዚያ ሰባት ዓመት አስቀድሞ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከኬን በኋላ ነገሩ አልፎ አልፎ ብቅ እያለ ይጠፋል። በ1960 ግን አንድ የቦስተን የጥርስ ሐኪም ሊክላይደር ከተባለ የድምፅ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ብዙዎችን ያነጋገረ ጽሑፍ አወጣ። (ሊክላይደር ኋላ ላይ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የማያያዝን ሐሳብ ከጠነሰሱት አንዱ የሆነው ነው።) በሽተኛው በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ይሰማል። ጥርሱ መቦርቦር ሲጀምር ከሙዚቃው ሌላ እንደ ፏፏቴ የሚያስገመግም ድምፅ ይለቀቅለታል። የድምፁን መጠን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ራሱ በሽተኛው ነው፤ መቆጣጠሪያው በእጁ ነው። ብዙዎች መርፌ ሳይወጉ ጥርሳቸውን አስጠግነው ሄዱ ተባለ። ፋሽኑ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። አንድ ነገር ግን ትቶ አለፈ፤ ያቺን መቆጣጠሪያ። ምናልባት ያዳነው ድምፁ ብቻ ሳይሆን ቁልፉን ጨብጦ መቀመጡም ይሆናል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

የዓይን ሕክምናን መልክ የለወጠው ሰው ራሱ ሙዚቀኛ ነበር። የኒውዮርኩ ቻርልስ ኬልማን ቀን ዓይን ያክማል፣ ማታ ሳክስፎን ይነፋል፤ ካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ነው። ጥርሱን ሊያስጠርግ ሄዶ ሳለ የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያ በጆሮ በማይሰማ የድምፅ ንዝረት ቆሻሻውን ሲያራግፍ አየ። ይኸው ንዝረት ሞራንስ ቢሰባብር? አለ። በ1967 በሰው ዓይን ላይ ሞከረው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ደግሞ በ1949 ለንደን ውስጥ በወጣው ሌንስ ምትክ ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከል ጀምሮ ነበር። የሁለቱ ሥራ ተዳምሮ ቀድሞ በሽተኛው ራሱ እንዳይነቃነቅ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ለቀናት የሚተኛበት ሕክምና ከግማሽ ሰዓት ወዲህ የሚያልቅ፣ ያንኑ ዕለት ወደ ቤት የሚያስኬድ ሆነ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከዓይን ኋላ የሚወጋው የማደንዘዣ መርፌም በብዙ ሀገር ለጠብታ ቦታ እየለቀቀ መጣ። ጠብታ ደግሞ ገጹን ብቻ ነው የሚያደነዝዘው፤ በሽተኛው ብርሃን ያያል፣ ቀለማት ሲዋኙ ያያል፣ ዓይኑንም ማንቀሳቀስ ይችላል። የዓይን ሕክምና በረቀቀ ቁጥር በሽተኛው ይበልጥ እየነቃ መጣ ማለት ነው። ሌላው የሕክምና ዘርፍ ወደ እንቅልፍ ሲያመራ ይህኛው ወደ ንቃት አመራ።

ታዲያ ፍርሃቱ የሥነ ልቦና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ሲፈራ የደም ግፊቱ ይወጣል። ዓይን ደግሞ እንደ ተነፋ ኳስ የተዘጋ ነገር ናት፤ ስትከፈት ውስጧ ያለው ግፊት ድንገት ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ከሆነ በዓይን ጀርባ ያለች ቀጭን የደም ሥር ልትፈነዳ ትችላለች። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ያጋጠመው ዕለት ግን ብርሃን ፍለጋ የመጣ ሰው ዓይኑን አጥቶ ይመለሳል። ሐኪሞች ይህን ስለሚፈሩ ማረጋጊያ መድኃኒት ይሰጣሉ። ሞራ የሚወጣለት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዛውንት ነው። ማረጋጊያው ሲበዛበት ይደነጋገራል፣ ትንፋሹ ይደክማል፣ «ብርሃኗን እይ» ሲሉት እንቅልፍ ይወስደውና ሳያስበው ብድግ ይላል። ያልበረገገ፣ ነገር ግን ያልደነዘዘ በሽተኛ ነው የሚፈለገው። ይህን የሚያደርግ ኪኒን እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ወደ ሙዚቃው መመለስ ግድ ሆነ። በ1997 የቶሮንቶ ሐኪሞች 121 የሞራ ሕሙማንን በአራት ከፍለው በጆሮ ማዳመጫ የተለያየ ነገር አሰሟቸው። ለአንዱ ወገን የሚያዝናና ሙዚቃ፣ ለሌላው የሚያረጋጋ ንግግር፣ ለሦስተኛው ትርጉም የለሽ ሹሹታ፣ ለአራተኛው የዚያኑ የቀዶ ሕክምና ክፍል ድምፅ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሙዚቃ የሰሙት የተሻለ ተደስተው ወጡ። ፍርሃታቸውና የደም ግፊታቸው ግን ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም። የሙዚቃ ወዳጆች ይህን ጥናት መጥቀስ አይወዱም። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ያስቀመጥኩት ቀጥሎ የመጣው ነገር ትርጉም የሚያገኘው በእሱ አንጻር ስለሆነ ነው።

በ2001 በአሜሪካ የቡፋሎ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ሞከሩ። አርባ ሕሙማን፣ አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ አራት። ከሳምንት በፊት የደም ግፊታቸው ሲለካ በአማካይ 129 በ82 ነበር። የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጧት 159 በ92 ደረሰ። እንግዲህ ፍርሃት በቁጥር ሲገለጽ ይህን ይመስላል፤ ማንም ሳይነካቸው፣ ገና ቢላዋ ሳይወጣ። ከዚያ ግማሾቹ ሙዚቃ እንዲሰሙ ተደረገ፤ ግፊታቸው ወደ ነበረበት ወረደ። ያልሰሙት እንደከበዳቸው ቆዩ። ከቶሮንቶው ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን ጎልቶ ይታየኛል፤ በቡፋሎ ሙዚቃውን የመረጡት ሕሙማኑ ራሳቸው ነበሩ።

ፈረንሳዮች ነገሩን ወደ ፊት ገፉት። በፓሪስ በኮሻን ሆስፒታል የሚሠሩ የማደንዘዣ ሐኪሞች በ2016 ለንደን በተካሄደ የአውሮፓ የሙያ ማኅበራቸው ጉባኤ ላይ የ62 የሞራ ሕሙማንን ውጤት አቀረቡ። ሙዚቃው የሚሰማው በቀዶ ሕክምናው መካከል ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሰው ልቡ በጣም በሚመታበት፣ ተራውን በሚጠብቅበት ጊዜ። በሽተኛው ከአሥራ ስድስት ዓይነት ሙዚቃ የሚወደውን ይመርጣል። ሙዚቃው አቀነባበሩ ብልኃት አለው፤ ሞቅ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ እየረገበ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመጨረሻ ደግሞ ሰውየውን መልሶ ያነቃዋል። ፍርሃት ከመቶ በተለካበት መጠይቅ ሙዚቃ የሰሙት 23፣ ያልሰሙት 65 አገኙ። ማረጋጊያ መድኃኒት የተሰጣቸውም በግማሽ ያህል አነሱ። በዚያው ሆስፒታል በተሠራውና በ2021 በወጣው ሰፊ ጥናት፣ ሦስት መቶ ከሚያልፉ ሕሙማን መካከል፣ በሕክምናው ጊዜ የደም ግፊታቸው ያሻቀበባቸው ሙዚቃ ከሰሙት 13.6 በመቶ፣ ካልሰሙት 52.9 በመቶ ነበሩ።

ቁጥር አብዝቻለሁ፤ አንባቢ ይታገሰኝ። ማለት የፈለግኩት ኬን በ1914 በደብዳቤ የላከው ትዝብት ማስረጃ ለማግኘት መቶ ዓመት ገደማ መጠበቁን ነው። በ2013 የወጣ ሌላ ግምገማ በልዩ ልዩ የቀዶ ሕክምና ዓይነት 26 ጥናቶችንና ከሁለት ሺሕ በላይ ሕሙማንን ሰብስቦ መርምሮ፣ ሙዚቃ ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለውን ፍርሃት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ገምጋሚዎቹ ታዲያ ጥንቃቄም አልተለያቸው። ኪኒን ሲሞከር ለግማሹ በሽተኛ የውሸት ኪኒን ይሰጠዋል፤ የትኛውን እንደዋጠም አያውቅም። ሙዚቃ ግን ውሸት የለውም፤ የሰማ ሰው መስማቱን ያውቃል። ስለዚህ «ፍርሃትህ ስንት ነው?» ሲባል ለሙዚቃው ውለታ ትንሽ ቀንሶ ቢመልስ አይፈረድበትም። የደም ግፊት መለኪያው ግን ውለታ አያውቅም፤ የቡፋሎውና የፓሪሱ ሥራ ክብደት እዚያ ላይ ነው።

ሙዚቃ ይህን እንዴት ያደርጋል? ሳይንሱ ስለ ነርቭና ስለ ልብ ምት ብዙ ይላል። ዋናው ነገር ግን የእኛ ሰው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥሎ ያስቀመጠው ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡ አላወቀም፤ ያሬድም አልተሰማውም፤ ዜማው እስኪያበቃ ድረስ። ትውፊት ነው፤ የሕክምና ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ግን የሚናገረውን እንስማ። ዜማው እግሩን አላደነዘዘም፤ የሰውየውን ልብ ከእግሩ ወስዶት ነው እንጂ። ልብ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ ነገር ደግሞ ይታከል፤ ያሬድ ያዜመው የራሱን ዜማ ነው።

እዚህ ላይ ነው መቆጣጠሪያዋ የምትመለሰው። ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሙዚቃ አለ። ግን የማን ሙዚቃ? አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙ ነው። ሐኪሙ እጁ እንዲረጋለት የሚወደውን ይከፍታል። በዚህ ክፋት የለም፤ የእጁ መርጋት የበሽተኛውም ጥቅም ነው። ነገር ግን ከጨርቁ ሥር ጋደም ያለው ሰው ከማያውቀው ዘፈን ጋር ብቻውን ተፋጥጦ ይቀራል። የማይወዱትን ዜማ በግድ መስማት ደግሞ ከዝምታ ይብሳል፤ በረጅም መንገድ አውቶቡስ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላም ሥጋት አለ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክተውለት ሊያናግሩት የሚገባውን ሁሉ ያልተናገሩት እንደሆነ። «አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ይሰማዎታል፤ አሁን ብርሃኑ ይበረታል» የሚል የሰው ድምፅ የትኛውም ሙዚቃ አይተካውም።

በእኛ ሀገር ይህ ነገር ከምን ላይ ነው? በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሊድን የሚችል ዕውርነት ማለት ነው። በብዙ ቦታ ሞራው የሚገፈፈው በዘመቻ ነው። ኔፓላዊው ሳንዱክ ሩይትና አሜሪካዊው ጄፍሪ ታቢን በ1995 የመሠረቱት የሂማልያ የሞራ ፕሮጀክት ጭምር እየመጣ፣ ከሀገር ውስጥ ሐኪሞች ጋር በአንድ ሳምንት የብዙ መቶ ሰዎችን ዓይን አብርቷል። ለዚህ የሚያገለግለው ያለ ውድ መሣሪያና ያለ ስፌት በደቂቃዎች የሚያልቅ አሠራር ነው። የሚደነቅ ሥራ ነው። በዚያ ፍጥነት መካከል ግን አግዳሚ ወንበር አለ።

አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ አዛውንቶች ናቸው። የልጅ ልጅ እጃቸውን ይዞ፣ ከፊሎቹ በእግር ከፊሎቹ በመኪና ተጭነው የደረሱ። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚባል ቤት ገብተው አያውቁም። ከላይ እንዳልኩት፣ የሚታመን ዓይን የለምና የቀራቸው ጆሮ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ሲያቃስት ይሰማሉ። ብረት ወድቆ ሲንኳኳ ይሰማሉ። ከፊት ለፊት ያለው ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ቦታው ባዶ መሆኑን በጭናቸው ያውቁታል፤ ይጠጋሉ። ለዓይን የሚያዩ ሰዎች ፍርሃት የሚገባው ብዙ ጊዜ በዓይን በኩል ነው። እነሱን ግን በሌላ በር ነው የሚገባባቸው። የባኽ ወንበርም ሆነ ይህ አግዳሚ በዚህ አይለያዩም።

ወጪው ምንድን ነው? በ1914 ኬን የሸክላ ማጫወቻ መግዛት፣ ሸክላ መቀየር፣ መርፌ መለወጥ ነበረበት። ዛሬ አንድ ሞባይልና በአልኮል የሚወለወል ማዳመጫ ይበቃል። አስቸጋሪው መምረጡ ነው። የፓሪሱን አሥራ ስድስት ዓይነት ወደዚህ ቢያመጡት የጎጃሟን እመት ወይም የባሌውን አባ ወራ ምን ይላቸዋል? ዘመቻው በዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ እሜቴ ዘፈን አይሰሙም፤ ቢያሰሟቸው ፍርሃታቸው ላይ ኃጢአት ጨመሩባቸው ማለት ነው። በገና ግን የጾም ወዳጅ ነው። አሥር አውታሩ እየነዘረ ሲንሾካሾክ ትንፋሽን ወደ ታች ይስባል፤ ዳዊት ሳኦልን ያረጋጋበት ነው ብለን የምናምነው መሣሪያ ነውና ለዚህ አገልግሎት ባዕድ አይደለም። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በካሴትና በሲዲ የተዋቸው ሥራዎች ለእንዲህ ያለው ሩብ ሰዓት የተቀረጹ ይመስላሉ። ለባሌው አዛውንት መንዙማ ይኖራል። ሌላው ደግሞ ጡረታ የወጣ የከተማ ሰው ነው፤ የወጣትነቱን የአምባሰል ወይም የትዝታ ቅኝት ይላል። እዚህ ላይ እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ፤ ትዝታ ያባባል፣ ዓይኑ ሊቀደድ የተዘጋጀ ሰው ደግሞ እንባ ባይሞላው ይሻላል። ሌላው ምንም አልፈልግም፣ ዝም በሉኝ ይላል፤ እሱም ምርጫ ነው።

ቁም ነገሩ ጠይቆ ማወቅ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የትኛው ዓይን፣ ስኳር አለብዎ ወይ፣ ግፊት አለብዎ ወይ ተብሎ የሚሞላ ካርድ አለ። በዚያ ላይ አንዲት መስመር ታክላ «ምን መስማት ይወዳሉ?» ብትል፣ ከአግዳሚው የሚመጣው መልስ ከአሥራ ስድስት ይበልጣል።